አሸዋ ያለበት ሂና

የባሌን መርዶ የሰማሁት ጭንቅላቴ ሙሉ ሂና ተለጥፎብኝ ነው። ኅዳር ሊገባ ነበር፤ ሞባይል ገና ጎንደር አልደረሰም። አዲስ ዓለም ያለው ቤታችን ጓሮ በርጩማ ላይ ተቀምጫለሁ፤ ጎረቤቴ ሽታዬ ከኋላዬ ቆማ ፀጉሬን እየከፈለች ትለቀልቀኛለች። ሽታዬ የአምባ ጊዮርጊስ ልጅ ናት። ለራሷ ፀጉር ከቅቤ በቀር ሌላ አታውቅም፤ ለእኔ ስትል ግን በየወሩ እጇን ታቆሽሻለች።

"ለባልሽ ስትይ ራስሽን የጭቃ ግድግዳ አስመሰልሽው እኮ" ትለኛለች ሁልጊዜ። የዚያን ቀንም ይህንኑ እያለች ነበር።

እኔ ቅዳሜ ገበያ ሂና እሸጣለሁ፤ ባሌ ሐቢብ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ድረስ እየተመላለሰ ያመጣልኛል። ሰው ሂና ሁሉ አንድ ይመስለዋል። አዲሱ አረንጓዴ ነው፣ የደረቀ ሣር ሽታ አለው። የከረመው ይቦንናል፣ ቀለም አይሰጥም። ጥቁር ሂና እያሉ የሚሸጡት ደግሞ ኬሚካል ነው፤ የስንቷን ሙሽራ ግንባር ሲልጥ አይቻለሁ፣ እኔ ዘንድ አይገባም። ከሁሉም የባሰው አሸዋ የተቀላቀለበት ነው፣ ምክንያቱም በዓይን አይለይም። ሐቢብ ሲገዛ ቆንጠር አድርጎ በፊት ጥርሱ ያደቀዋል። ቅጭ ካለበት ነጋዴው ፊት እንትፍ ብሎት ይሄዳል። "እኔን ሲያዩ ገና ከረጢታቸውን ያስራሉ" እያለ ይፎክር ነበር። ጉረኛ ነበር፤ እውነቱን ግን ነው፣ አብረን በኖርንበት ዘመን ሁሉ አሸዋ ያለበት ሂና ቤቴ አስገብቶ አያውቅም።

እኔም የማቦካበት ወግ አለኝ። ነፍቼ በሞቀ የሻይ ውሃ እለውሰዋለሁ፣ ሎሚ እጨምቅበታለሁ፣ ፀጉር እንዳያደርቅ የአብሽ ውሃ አክልበታለሁ፤ ሲያድር ቀለሙ ይወጣል። ጧት ተቀብቶ በፌስታል ይጠቀለልና ከሰዓት በኋላ ይታጠባል። እኔን ሽበት የወረሰኝ ገና በልጅነቴ ነው። ልጅ አላህ አልሰጠንም፣ ሽበቱን ግን አልነፈገኝም። ሐቢብ ቀይ ፀጉሬን ይወዳል። ከመንገድ ሲገባ ሥሩ ነጥቶ ካገኘው ሻንጣውን ሳያወርድ "ምነው፣ አልጠበቅሽኝም?" ይለኛል። ስለዚህ በሄደ ቁጥር በየወሩ እቀባ ነበር፣ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅማ።

የዚያን ጊዜ የሄደው ሚያዝያ ላይ ነው። ክረምቱን ድምፁ ጠፋ፤ አልሰጋሁም። ክረምት ሲገባ የመተማ መንገድ ጭቃ ስለሚሆን ከዚያ ወዲያ ያለ ሰው ወሬው አይመጣም። ነሐሴ ላይ የአክስቴ ልጅ ስትዳር እጄንም ራሴንም አቅልቼ ሰርግ ጨፍሬያለሁ።

ሽታዬ ለቅልቃ ፌስታሉን እያሰረችልኝ ሳለ ጃቢር በጓሮ በር ገባ። ጃቢር የሐቢብ የመንገድ ጓደኛ ነው፣ በዕድሜ ያንሰዋል። ከስቶ ዓይኑ ብቻ ቀርቷል። ከኋላው የሰፈር ሽማግሌዎች ተከትለውታል። ሽማግሌ ተሰብስቦ በጓሮ በር ሲገባ ለምን እንደሆነ ማንም ሴት ታውቃለች።

"እትዬ ዐዚዛ፣ አያ ሐቢብ ወደ አኺራ ሄደ" አለኝ። "ግንቦት መጨረሻ ላይ። ወባ ነው። ከሱ ወዲያ እኔም ተኝቼ ነበር፣ መንገዱም ተቆርጦ... አልተሰቃየም፣ ወላሂ። ማታ በሰላም ተኛ፣ ጧት አልነቃም።"

ሽታዬ እሪ አለች። እኔ፣ እውነቱን ለመናገር፣ በዚያች ሰዓት ያሰብኩት ሂናውን መቼ እንደምታጠብ ነው። ቤቱ በሰው ሞላ። ሴቶቹ እየገቡ አቅፈውኝ ሲያለቅሱ ፌስታሉ ጆሯቸው ስር ይንኮሻኮሻል። አረንጓዴ ውሃ በአንገቴ ይወርዳል። አንዷ "ኧረ ይቺን ሴት ራሷን እጠቧት" እስክትል ድረስ እዚያው ተቀምጫለሁ። ሲታጠብ ከወትሮው የበለጠ ቀልቶ ነበር፣ ብዙ ስለቆየ።

በሦስተኛው ቀን ሸኽ አብዱልባሲጥ መጡ። በእኛ ወግ ባሏ የሞተባት ሴት ዒዳ ትቀመጣለች፤ አራት ወር ከአሥር ቀን ቤቷ ትሰበሰባለች፣ አትኳልም፣ ሽቶ አትነካም፣ ሂና አትቀባም። እኔም ተዘጋጅቼ ነበር፤ ኩሌን ሁሉ ለሽታዬ ሰጥቻታለሁ። ሸኹ ጃቢርን ቀኑን ጠየቁት፣ በጣታቸው አሰሉና ወደ እኔ ዞሩ።

"ልጄ፣ ዒዳ የሚቆጠረው ባል ከሞተበት ቀን ነው፣ ሚስት ከሰማችበት ቀን አይደለም። ያንቺ ሞልቶ አልፏል። ምንም የለብሽም።"

"ሸኽ፣ እኔ እኮ አላወቅሁም። ሂና ስቀባ ነው የከረምኩት።"

"ላላወቀ ጥፋት የለበትም።"

"ታዲያ መቼ ልዘን?"

ሸኹ ክፉ ሰው አይደሉም። "ሦስቱን ቀን አዝነሻል፣ አላህ ሶብሩን ይስጥሽ" ብለው ዱዓ አደረጉ። ሴቶቹ "አሚን" አሉ። ጓዛቸውን ሰብስበው ወጡ።

እንግዲህ ነገሩ ይኸው ነው። ዒዳዬን በሰው ሰርግ ላይ እየጨፈርኩ ጨርሼዋለሁ። ማዘን ፈልጌ ነበር፣ አልመጣልኝም። አንዲት እንባ አልወጣችም። ጥርስ ሊነቀል ሲል መርፌ እንደተወጋ ድድ ሆንኩ፤ ሰው ሲነካኝ አየዋለሁ እንጂ አይሰማኝም። መስታወት ሳይ ደግሞ ያ ቀይ ፀጉር አለ። በሳሙና ፈተግሁት፣ በዘይት አሸሁት፣ ሂና ፀጉር ከያዘ በኋላ እንደማይለቅ ለደንበኛ ሁሉ እየማልኩ ስሸጥ የኖርኩት እኔው ነኝ።

ሽታዬ ምላጭ ይዛ መጣች። "እኛ አገር ባል የሞተባት ትላጫለች። ልላጭሽና ይውጣልሽ።"

"በእኛ ሐራም ነው።"

"መቀመጡም ቀረብሽ፣ መላጨቱም ሐራም። እንግዲህ በምን ታለቅሺ?" አለችና እሷው ምላጩን ይዛ አለቀሰች።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁት ነገር ቢኖር ሂና መቀባት መተው ነው። ለማንም አልተናገርኩም። ገበያ እወጣለሁ፣ እመዝናለሁ፣ እጠቀልላለሁ። ነጩ ከሥር እየወጣ ቀዩን ወደ ታች ገፋው። ደንበኞቼ ይቀልዱብኛል፤ "ዐዚዛ፣ ሂና ሻጯ ሸብታ ማን ይግዛ?" ይሉኛል። እስቃለሁ፣ መሳቅ አልከበደኝም። ሸኹ ያለፈ ነው ያሉኝን ዒዳ እኔ በፀጉሬ እየቆጠርኩት ነበር። ነጩ ሦስት ጣት ሲሞላ ጊዜው እንደደረሰ አወቅሁ። አሁን ታለቅሻለሽ ብዬ ራሴን ጠበቅሁት። አሁንም ምንም።

ጃቢር ከሐቢብ ሻንጣ ጋር አንድ ጥቅል አምጥቶልኝ ነበር፤ ሐቢብ ለእኔ ብሎ ያስቀመጠው የመጨረሻ ሂና ነው። በነጭ ጨርቅ ታስሮ ሳጥን ውስጥ እንደገባ አልነካሁትም። መጋቢት ላይ አንድ ቀን ጧት አወጣሁትና ፈታሁት። ቀለሙ ቦንኗል፤ ይህ አልደነቀኝም፣ ከርሟላ። እንደ ልማዴ ቆንጠር አድርጌ ጥርሴ ላይ አደረግሁት።

ቅጭ አለ።

እንደገና ቆነጠርኩ። እንደገና ቅጭ አለ። ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጣል አድርጌ ጠበቅሁ፤ ከታች ግራጫ አሸዋ ረጋ። ብዙ አሸዋ። መክረም የሂናን ቀለም ይወስዳል እንጂ አሸዋ አይጨምርም። ሐቢብ ይህን ቀምሶ፣ ከዚያ ከፍሎ፣ ከዚያ በነጭ ጨርቅ አስሮ ለዐዚዛ ስጡልኝ አይልም። ነጠላዬን ጣል አድርጌ ጃቢር ሱቅ ሄድኩ።

"ይህን ሐቢብ አልገዛውም" አልኩት።

ጃቢር ጥቅሉን አየና ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ። ደንበኛውን ሸኝቶ በሩን ገርበብ አደረገው።

"እኔ ነኝ የገዛሁት፣ እትዬ። እሱ መነሳት አይችልም ነበር።"

"ማታ በሰላም ተኛ አላልከኝም?"

"ብዬሻለሁ። ወሩን ሙሉ ነው የተኛው። ይሄን እንዴት አርጌ ልንገርሽ? ሰውነቱ አልቆ፣ ውሃ እንኳ በማንኪያ ነበር የማጠጣው። አንድ ቀን 'የዐዚዛን ሂና ሳልገዛ' አለ። እሮጬ ሄጄ ገዛሁ፣ እኔ ደግሞ ሂና አላውቅም። ሳመጣለት ቆንጠር አርጎ ጥርሱ ላይ አደረገው። 'ሸጋ ነው ወይ፣ አያ ሐቢብ?' አልኩት። ዋጠው። 'ልመልሰው? ሌላ ላምጣ?' ብዬ ስነሳ እጄን ያዘኝ። 'ተወው፣ ሸጋ ነው' አለኝ። 'አትሂድ፣ ቁጭ በል።'"

ከሱቁ ስወጣ ደህና ነበርኩ። መንገዱን አውቀዋለሁ፣ ሰላም ላለኝ ሁሉ ሰላም እላለሁ። ቤት ስደርስ ሽታዬን ጠራኋት። ለደንበኛ ብሸጠው በሕግ ልከሰስበት የሚገባኝን ያን ሂና በሻይ ውሃ ለወስኩት፣ ሎሚ ጨመቅሁበት፣ የአብሽ ውሃ አከልኩበት። በርጩማውን ጓሮ አወጣሁና ተቀመጥኩ። ሽታዬ እጇን ነክራ ትንሽ አሸችና ቆመች።

"ዐዚ፣ ይሄ እኮ አሸዋ ነው።"

"አውቃለሁ፣ ቀቢኝ።"

"አይይዝልሽም።"

"ሸጋ ነው ብሏል፣ ሽታዬ። ቀቢኝ።"

ቀባችኝ። አሸዋው የራስ ቅሌን እየፋቀ፣ በጆሮዬ ጀርባ እየረገፈ በአንገቴ ወረደ። ያ ሰው፣ ለአንድ ቁንጥር አሸዋ ነጋዴ ፊት እንትፍ የሚል ጉረኛ፣ ጥርሱ ስር ቅጭ ሲል ሰምቷል። ሰምቶ ዋጠው፣ ብቻውን ላለመሆን። እኔ በዚያን ሰዓት እዚሁ በርጩማ ላይ ነበርኩ፣ ቀይ ሆኜ እንድጠብቀው።

ያን ጊዜ መጣ። ከሆዴ ነው የመጣው፣ ድምፁን እኔ ራሴ አላወቅሁትም። ሽታዬ የተለወሰ እጇን እንደያዘች ከኋላዬ አቀፈችኝ። ሰፈሩ ደንግጦ በጓሮ በር ገባ፤ ማን ሞተ ይላሉ፣ ማን ሞተ?

"ሐቢብ" አልኳቸው። "ባሌ ሐቢብ ሞተ።"