የአንዲት ቃል ካሳ

ጌትነት ድንጋዩን ማጅራቱ ላይ አድርጎ የየትነበርሽን ግቢ ሲገባ፣ እሷ የተመኘችው ድንጋዩ ትንሽ ከበድ እንዲል ብቻ ነበር። ሰውዬው ሽማግሌ ሲመርጥ ያውቅበታል፤ ድንጋይ ሲመርጥም እንደዚያው። ከመንገድ ሥራ የተረፈ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው፤ ዓይን ይሞላል፣ አንገት አይጎዳም።

ከፊቱ ቄስ ህሩይ መስቀላቸውን ይዘዋል። ከኋላው አያ ዳኛውና ሌሎች ሁለት የኮሶዬ ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው ተከትለዋል። የአገሩ ወግ የታወቀ ነው፤ የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ከተበደለው ደጅ ይቆማል፣ የተበደለው «ይቅር ለእግዜር» እስኪል ድረስ ድንጋዩ አይወርድም። ሽማግሌን ባዶ መመለስ ደግሞ ነውር ነው። ጌትነት የመጣው በዚህ ነውር ተማምኖ ነው።

ጸጸት አንገብግቦት እንዳይመስላችሁ። ከፋሲካ በኋላ ሴት ልጁን ሊድር ነው፤ ኮሶዬ ያለው ዘመዱ ሁሉ ግን «ከአዳነ ሚስት ሳትታረቅ ሠርግህን አንረግጥም» ብሎ ቁርጡን ነግሮታል።

አዳነ የየትነበርሽ ባል ነበር። ጎንደር ላይ ቱሪስት ሲያስጎበኝ ኖሮ፣ ጦርነቱ ቱሪስቱን ሲያጠፋው፣ በሰው ላይ የደረሰውን ጉዳት ሊያጣሩ ለመጡ ፈረንጆች አስተርጓሚ ሆነ። ጌትነት የልጅነት ጓደኛው ነው። ጎንደር ከተማ ያስተምራል፤ ከሥራ መልስ በስልኩ ላይቭ እየገባ ስለ አገር አንድነት ይናገራል፤ የሚያዳምጠው ወጣት ብዙ ነው። ለዚያ የአስተርጓሚ ሥራ እሱም ተፈትኖ ነበር፤ ወደቀ። ከወደቀ በኋላ አንድ ቀን የአዳነን ፎቶ በላይቩ አወጣና «ይኸው ባንዳው፣ ፈረንጅ እየመራ አገር የሚያስወጋ» አለ።

ባንዳ። ጣሊያን ከሄደ ስንት ዘመኑ፤ ቃሉ ግን እስከ ዛሬ ሰው ይገድላል። ሳምንት ሳይሞላ አዳነን ከኮሶዬ በታች፣ ከአስፋልቱ ዳር ሞቶ አገኙት። ማን እንደገደለው አልታወቀም። ማን እንዳስገደለው ግን የትነበርሽ ታውቃለች። ቀብሩ ላይ የተገኘው ሰው ሬሳ ተሸካሚ ለመቀያየር እንኳ አልበቃም፤ ልጇን ፀደይንም ትምህርት ቤት «የባንዳ ልጅ» ይሏታል።

ከሁሉ የሚያንገበግባት ደግሞ ሌላ ነው። አዳነና ጌትነት ከዚያ ቀደም በዚሁ በእሷ ቤት፣ እሷ ምስር እየለቀመች፣ ስለ አገር ተከራክረው ነበር።

«አገር አገር ስንል እኛው አለቅን» ብሎ ነበር ጌትነት። «ክልላችንን ይዘን የራሳችንን መንገድ ብንሄድ ምን ይቀርብናል? ፈረንጅም ጦሩን ይዞ ቢገባ እሰየው፤ እኔ በሬን ከፍቼ ነው የምቀበለው።»

አዳነ ሳቀበት። «ያምሃል እንዴ አንተ? ወንድማማች ተጣላ ተብሎ የአባት ቤት ለሁለት አይሰነጠቅም። ፈረንጁም መጥቶ ይይ፣ ያየውን ይመስክር፣ ወደ አገሩ ይመለስ። ጠብመንጃ ይዞ የገባ እንግዳ መቼ ይወጣል?»

እንግዲህ ባንዳ ተብሎ የሞተው ይህን ያለው ነው። ያኛውን ያለው ደግሞ የአንድነት አርበኛ ተብሎ ይጨበጨብለታል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ የትነበርሽ ከዚያ ክርክር አንዲት ቃል አልረሳችም።

ሽማግሌዎቹ ባወጣችላቸው ወንበር ተቀመጡ። ዳቦው ተቆርሶ ቀርቧል፤ ዕርቅ ሳይወርድ ስለማይቀመስ ማንም አልነካውም። ጌትነት እንደ ቆመ ነው።

«በድያለሁ» አለ ከድንጋዩ ሥር። «አንዲት ቃል ናት ያመለጠችኝ። ስለ ማርያም ብለሽ ይቅር በይኝ።»

«ምነው ዝም አልሽ ልጄ?» አሉ አያ ዳኛው። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል። ይኸው አንገቱን ደፍቶልሻል፤ ምን ቀረው?»

«አያ ዳኛው፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አለች። «ዓምና ትክል ድንጋይ ገበያ ላይ ባልንጀራውን ሌባ ብሎ የሰደበውን ሰው የት ሄዶ እንዲክስ ነው የፈረዱበት?»

«እዚያው ገበያ ላይ ነዋ። በአደባባይ የሰደበ በአደባባይ ይክሳል።» ፍርዳቸው ስለታወሰላቸው ደስ ብሏቸዋል።

«ሸጋ ፍርድ ነው። ይህ ሰው ባሌን የሰደበው እዚህ ግቢ መጥቶ አይደለም። የሰደበበት ገበያ ኪሱ ውስጥ ነው ያለው፤ ያውጣውና እዚያው ይካስ።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። በገዛ ፍርዳቸው ተይዘዋል። ጌትነት ግን ቀለለለት። «ላይቭ ላይ ይቅርታ ልጠይቅ? በደስታ እንጂ» አለ። ምላሱ የሚያውቀው ሥራ ነው፤ ሁለት ሦስት ጣፋጭ ቃል አሰማምሮ ሊወጣ ነው።

«ይቅርታህን ማን ፈለገው? እኔ የምፈልገው እውነቱን ነው። በእኔ ቤት አንተ ምን እንዳልክ፣ አዳነ ምን እንዳለ፣ ለነዚያው ሰዎች ትነግራቸዋለህ።» ወደ ቄሱ ዞረች። «አባ፣ እኔን ታረቂ ብለው ከመገዘትዎ በፊት እሱን እውነት ተናገር ብለው ይገዝቱልኝ።»

ቄስ ህሩይ መስቀላቸውን አገላበጡ። እውነት አይነገር ብሎ የሚከለክል ቄስ ከየት ይመጣል? መስቀሉን አነሡና «እውነቱን ብትሸሽግ ገዝቼሃለሁ» አሉት።

ጌትነት ወደ እሷ ጠጋ አለ። «የትነበርሽ፣ ይገድሉኛል እኮ» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ምነው? አንዲት ቃል ሰው ይገድላል እንዴ?»

ግዝቱ አለ፤ የልጁ ሠርግ አለ፤ ሽማግሌዎቹ አፍጥጠውበታል። እጆቹ ድንጋዩን ስለያዙ ስልኩን ከኪሱ ያወጣችው እሷ ናት፤ ፊቱ ላይ ደቅና የያዘችለትም እሷ ናት። እንደ ልማዱ «ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ» ብሎ ጀመረ። የሚያዳምጠው ሰው መሰብሰብ ያዘ። ከዚያ ተናገረ። ክልላችንን ይዘን እንሂድ ያልኩት እኔ ነኝ አለ። ፈረንጅ ጦሩን ይዞ ይግባ ያልኩት እኔ ነኝ አለ። አዳነ አገር አይከፈልም ብሎ ተከራከረኝ፤ ባንዳ ያልኩት ሥራውን ተመቅኝቼ ነው አለ።

ሽማግሌዎቹ ፊደል ስላልቆጠሩ፣ ሰዎቹ ከሥር የሚጽፉትን የትነበርሽ እያነበበች አሰማቻቸው። «ባንዳ ይላል ይሄኛው። ይሄም ባንዳ ይላል። ድሮም ጠርጥረነው ነበር ይላል። ይሄ ደግሞ አሁን የት ነው ያለው ብሎ ይጠይቃል።» ቀስ ብላ ነው ያነበበችው፣ አንዱንም ሳትዘል። ደስ አላት። መዋሸት ምን ያደርጋል፤ አዳነ ከሞተ ወዲህ እንደዚያች ሰዓት ደስ ብሏት አያውቅም።

ላይቩን ዘግታ ስልኩን ኪሱ ከተተችና ጥርት ባለ ድምፅ «ይቅር ለእግዜር» አለች።

ድንጋዩ ወረደ። ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ። ዕርቁ እንደ ወጉ አለቀ፣ አንድ ነገር አልጎደለውም። ጌትነት ሊቀመጥ ወደ ሽማግሌዎቹ ሲጠጋ ግን፣ ስለ እሱ ሊለምኑ የመጡት አያ ዳኛው ወንበራቸውን ከእሱ ሸሸት አደረጉ። ሲያደርጉት ያወቁትም አይመስሉም።

ወዲያው ስልኩ ጮኸ። ሚስቱ ዝናሽ ናት፤ ድምፅዋ ለሁሉም ይሰማል። የጎንደሩ ቤት በር ላይ ወጣቶች ተሰብስበዋል፤ እንዳትመጣ ትለዋለች። የሙሽራው አባትም ደውለው ሠርጉ ቀርቷል ብለዋል።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ከብቶቹ ትዝ አሉት። ሌላው ዝናብ መጣ አለ። ዳቦውን ሳይቀምሱት ተነሡ። ቄስ ህሩይ ከደጅ ቆም ብለው «ምን አደረግሽ ልጄ?» አሏት።

«ታረቅሁ አባ። እርስዎ እንዳሉኝ።»

መስቀላቸውን ሳያሳልሟት ሄዱ።

ጌትነት ከግቢው መሐል ብቻውን ቀረ። ወደ መንገዱ ያያል፣ ወደ ስልኩ ያያል፣ መልሶ ወደ መንገዱ ያያል።

«የትነበርሽ» አለ በመጨረሻ፣ «እኔ አሁን ወዴት ልሂድ?»

«አዳነም ሲያሳድዱት ደውሎ ይህንኑ ጠይቆህ ነበር፤ አንተ ጋ ልደር ብሎህ። አጠገቡ ነበርኩ፤ መልስህን ሰምቼዋለሁ። ‹እባክህ እኔን አታነካካኝ› ነው ያልከው» አለችና የሽማግሌዎቹን ወንበር ወደ ቤት ማስገባት ጀመረች።