የሐዋሳው ባልዲ

ውሸታም አልወድም። አየር ማረፊያ ዊልቸር ስገፋ፣ ሰልፍ ለመዝለል ብሎ ሽባ የሚሆን መንገደኛ ገና ከሩቁ ይታወቀኛል፤ እየገፋሁትም በሆዴ እገስጸዋለሁ። ይህን የምላችሁ ግን ራሴ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስዋሽ የኖርኩ ሴት ነኝ።

የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ስልሳ ሰው በአንድ ጠዋት ሲጠመቅ፣ ተራዬ ሊደርስ ሲል ከሰልፉ ሾልኬ ወጣሁ። ከቁርጭምጭሚቴ ያለፈ ውሃ ሁሉ ይወስደኛል እያልኩ እፈራለሁ። ወደ ልብስ መቀየሪያው ድንኳን ጀርባ ሄድኩና አንድ ባልዲ ውሃ በራሴ ላይ ደፍቼ፣ እየተንጠባጠብኩ ከተጠመቁት ጋር ተቀላቀልኩ። እልል ተባለልኝ፤ የምስክር ወረቀትም ተሰጠኝ። ወረቀቱ ከመሸኛ ደብዳቤዬ ጋር ላስ ቬጋስ ድረስ መጣ። እዚህ ደግሞ እሱን አይተው የጥምቀት ትምህርት አስተማሪ አደረጉኝ።

ልጄ ናርዲ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እዚሁ ተወልዳ ሰንራይዝ ማነር ሰፈር ባለው አፓርትመንታችን የመዋኛ ገንዳ ውስጥ ያደገች ናት። ዘንድሮ ልጠመቅ አለች። በእኛ ጉባኤ ተጠማቂው አንድ የተጠመቀ ሰው መርጦ ውሃ ውስጥ አብሮት እንዲቆም ያደርጋል።

«ማሚ፣ ማንን ቹዝ እንዳደረግሁ ገምቺ» አለችኝ።

«ማንን?»

«አንቺን ነዋ።»

ሁልጊዜ የምናጠምቀው ሰመርሊን ሰፈር ባለው የአንድ ወንድም ገንዳ ነበር፤ እኔም ፎጣ ይዤ ዳር ቆሜ ዓመታቱን አለፍኩ። ዘንድሮ ግን ገንዳው ለጥገና ደረቀና ፓስተር ግዛው ካሊፎርኒያ ወርደን ባሕር ውስጥ እናጠምቃለን አሉ። ያን ሳምንት እንቅልፍ አጣሁ። ናርዲ ያመነችው ከእኔ አፍ ሰምታ ነው። እውነቱን ብነግራት እምነቷ አብሮኝ እንዳይወድቅ ፈራሁ፤ ዝም ብል ደግሞ ልጄ የውሸታም እጅ ይዛ ልትጠመቅ ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የእኔማ ሊነጋ እንኳ አላሰበም።

ቅዳሜ ጠዋት የቆምንበት ቦታ ኮረብታ በሁለት ወገን አቅፎት ማዕበል የማይገባበት የባሕር ጥግ ነው። ፓስተር ግዛው እስከ ወገባቸው ገብተው ጠበቁን። ናርዲ እጄን ይዛ ጎተተችኝ። ጉልበቴ ድረስ ገብቼ ቆምኩ።

«ማሚ፣ ምን ሆንሽ?»

«ቆይ እስቲ ልጄ።»

ያኔ ዳር ከቆሙት አንዱ ጮኸ። ከፓስተሩ ኋላ ጥቁር የጀርባ ክንፎች ውሃውን እየቀደዱ ይመጣሉ። ሁላችንም ሻርክ መሰለን። ፓስተር ግዛው ለአንድ ነገር እንዲያ ሲፈጥኑ በሕይወቴ አይቼ አላውቅም፤ በኔ አጠገብ አልፈው አሸዋው ላይ ወጡ። ናርዲ ግን ንቅንቅ አላለችም።

«ዶልፊን ናቸው» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «አትንኪያቸው። ራሳቸው ከመጡ ይምጡ።»

መጡም። ሰባት ነበሩ። አንደኛዋ ከፊታችን ብቅ ብላ ስትተነፍስ ትንፋሿ ፊቴን አራሰው። ጎኗ ላይ ገና ጨቅላ የሆነ ግልገል ነበር፤ እናቲቱ ከሥሩ እየገባች ወደ ላይ ገፋ ታደርገዋለች፣ አየር ስቦ ይመለሳል። ናርዲ ቀስ ብላ ውሃው ላይ ተኛችና መዋኘት ጀመረች። እነሱም ፍጥነታቸውን ለእሷ ቀንሰው በግራ በቀኝ አብረዋት ሄዱ። እጄን በአፌ ላይ ጫንኩ።

መቼ መራመድ እንደጀመርኩ አላውቅም። ልብ ስል ውሃው አገጬ ላይ ደርሷል፣ እግሬም መሬት ለቋል፤ ጨዋማው ውሃ ተሸክሞኛል። ጆሮዬ ውሃ ውስጥ ሲገባ ድምፃቸውን ሰማሁ፤ ያፏጫሉ፣ ይንጫጫሉ፣ ደረቴ ውስጥ ድረስ ይሰማኛል። እናቲቱ በጎን ዞራ በአንድ ዓይኗ አየችኝ። ምንም አልደበቅሁባትም፤ ምንም አልጠየቀችኝም። ፍርሃቴን ፈለግሁት፣ አጣሁት። እንባዬ መጣ። ይህን የሠራውን አምላክ ነው በአንድ ባልዲ የሸወድኩት፣ አልኩ።

ናርዲ ደርሳ ብብቴን ይዛ እግሬ ወደሚቆምበት መለሰችኝ። ዶልፊኖቹ አንድ ዙር ዞረውን ወደ ሰፊው ባሕር ወጡ።

ፓስተር ግዛው እያፈሩ ተመለሱ። «በይ እህት ውባንቺ፣ የልጅሽን እጅ ያዢ።»

«አልችልም፣ ፓስተር። እኔ ራሴ አልተጠመቅሁም።»

ዳር ያሉትም እንዲሰሙኝ ጮክ ብዬ ድንኳኑንም፣ ባልዲውንም፣ ወረቀቱንም ተናገርኩ። ናርዲ እጇን ከእጄ አወጣች። እንደዚያች ቅጽበት የከበደኝ ነገር የለም።

«ባልዲ?» አለች።

«ባልዲ።»

ፊቷን ወደ ባሕሩ አዞረች። ዶልፊኖቹ የሄዱበትን እያየች ቆየችና ወደ ፓስተሩ ዞረች። «ለሰው የሚቆመው የተጠመቀ ሰው ነው፣ አይደል?»

«አዎ ልጄ።»

«ኦኬ። ፈርስት እኔን አጥምቁኝ፤ እርስዎ ይቁሙልኝ። ከዛ እኔ ለእሷ እቆማለሁ።» ከዚያ ወደ እኔ። «ማሚ፣ አሁን በጣም አፕሴት ነኝ። ግን ነይ።»

ተጠምቃ ስትወጣ ከጸጉሯ ውሃው ሳይወርድ አጠገቤ መጥታ ቆመች። ፓስተር ግዛው ለስንቱ ያስጠናሁትን ጥያቄ ጠየቁኝ፤ አምናለሁ አልኩ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ውሃው ከላዬ ተዘጋ፣ ዝም አለ። ከዚያ የልጄ እጅ ከጀርባዬ ሥር ገብቶ ወደ ላይ ገፋኝ፤ ወጥቼ ተነፈስኩ።