የላስቲኩ ቤት ሽታ

ከዚህ በታች ከምነግራችሁ ላይ አንዲት ቃል ጨምሬ ቢሆን ምላሴ ይቆለፍ። ሰፈራችን ቂርያት ሞሼ ውስጥ ውብነህ ዋሸ ያለ ሰው የለም፤ ካለም ቀንቶ ነው።

የኛ የቤተ እስራኤል የስግድ በዓል ዋዜማ ነበር። በማግስቱ ኢየሩሳሌም ስንወጣ የቄሳችንን ጥላ የምይዘው እኔ ነኝ። መቶ ሰው፣ ምን መቶ፣ ሺህ ሰው ለምኖት ለኔ የተሰጠ ጥላ ነው። ታጥቤ፣ ነጭ ለብሼ፣ ሰው ነክቶኝ እንዳልረክስ ግድግዳ ግድግዳውን ስሄድ ስልኬ ጮኸ። ኦሬን ነው፣ የጎረቤታችን የእማማ ባንቺአምላክ ልጅ። ቂርያት ቫይዝማን ጥበቃ ነው የሚሠራው።

«ጋሼ ውብነህ፣ እናቴ ከጧት ጀምሮ ስልክ አታነሳም። ፈረቃዬን ጥዬ መውጣት አልችልም። ቤሰደር፣ ደህና መሆኗን ብቻ አይተው ይንገሩኝ» አለኝ። እኔ እያለሁ ምን ትፈራለህ ብዬ ዘጋሁት።

እማማ ባንቺአምላክ ታችኛው ፎቅ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ሙቀቱ መለስ ሲል ጓሯቸው ያለው ጽጌረዳ እንደገና ይፈነዳል፤ ቢጫው አበባ ደግሞ አጥሩን ዘሎ መንገዱን ይይዛል። ዘንድሮማ ጎረቤት ከተማ ቂርያት ዔቅሮን ሆኖ ያየው ሰው እሳት ተነሣ ብሎ ነበር። ከአበባው ጀርባ ሐማማ የሚሉት የላስቲክ ቤት አለ። ኦሬን በቧንቧና በላስቲክ የሠራላቸው ነው፤ አውሮፕላን ያሳድራል።

በራቸውን አንኳኳሁ፤ የከፈተ የለም። በጓሮ ዞርኩ። ያኔ ሸተተኝ።

የሞተ ነገር ሽታ ነው። የሚመጣው ከላስቲክ ቤቱ ነው። ከውስጥ በኩል ላስቲኩ ላይ ዝንብ ይርመሰመሳል፤ አንዳንዱ ድንቢጥ ያክላል። «እማማ» አልኩ። ደግሜ ጠራሁ። ውስጥ አንድ ነገር መሬቱን ቧጨር አደረገና ዝም አለ። ሌሊት ወድቀው ከሆነስ? በላስቲክ ቤቱ ወበቅ አስከሬን ምን ያህል ይቆያል? የሚቧጭረውስ ምንድን ነው?

የላስቲክ ቤት ማለት ድንኳን ነው። ኦሪት ደግሞ የሞተ ሰው ያለበት ድንኳን የገባ ሰባት ቀን ርኩስ ነው ትላለች። ገብቼ ሞተው ካገኘኋቸው ጥላው ለዚያ ለተቀናቃኜ ለተገኘ ይሰጣል፤ ተገኘ ደግሞ ጥላ ቀርቶ ኮፍያ መያዝ አይችልም። ሳልገባ ቀርቼ በሕይወት ካሉ ግን፣ እዚያ ውስጥ የአንዲት ሴት እስትንፋስ እያለቀ ነው። በልጅነቴ ሱዳን በረሃ ላይ አንበሳ ያባረርኩት ሰውዬ የላስቲክ በር ፊት ተገትሬ ቀረሁ። እጄን ወደ በሩ ዘርግቼ መለስኩት። እንደገና ዘረጋሁት።

ግን እኔ ውብነህ ነኝ። ጥላው ገደል ይግባ ብዬ በሩን ከነማጠፊያው ገንጥዬ ገባሁ። ዝንቡ ዓይኔን ጋረደኝ። መሀል ላይ ኮከብ የመሰለ፣ ጸጉራም፣ የጥሬ ሥጋ ቀለም ያለው አበባ አፉን ከፍቷል፤ የሳተላይት ሳህን ያህላል። የሞት ሽታ የመሰለኝ የሱ ሽታ ነው፤ ዝንብ የሚጠራበት። ከሥሩ እማማ ወድቀዋል፤ ግን ይተነፍሳሉ። በአንድ ክንዴ አፋፍሼ፣ በሌላው ዝንቡን እየመከትሁ፣ እየሮጥሁ አወጣኋቸው።

ይህን የተረክሁት እማማ ባንቺአምላክን ሊጠይቅ የመጣ ሰው ሳሎናቸውን በሞላበት ሰንበት ነው። ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። ተገኘ ሳይቀር ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። እማማ እግራቸውን ትራስ ላይ ሰቅለው እስክጨርስ ሰሙኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ሳያነሱ ተናገሩ።

«ልጄ ውብነህ፣ ላስቲኩ ከመሬት ትንሽ ከፍ ይላል። ወድቄ በዚያ በኩል ጫማህን አየው ነበር። መጥራት ቢያቅተኝ እንድትሰማኝ ብዬ መሬቱን በጥፍሬ ቧጠጥሁ። ጫማህ ቆመ፣ ቆመና ዞሮ ሄደ። ለልጄም ስትደውል፣ ቤት የለችም፣ ወጥታ ይሆናል ስትለው ሰማሁ። ያነሳችኝ ላይኛው ፎቅ ያለችው ኖጋ ናት፤ ከሥራ ስትመለስ።»