የወንድሜ ሁለት ሰከንድ

ወንድሜ «ዝምታ ቋንቋዬ ነው» ብሎ ለጋዜጣ መናገሩን ሳነብ ሻዬ ትን አለኝ። የፊልሞቹ ኤዲተር እኔ ነኝ። ያ ዝምታ ከምን እንደተሠራ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

አሥራ ሁለት ዓመት መድረክ ላይ ብቻውን ቆሞ ሰው ሲያስቅ ኖሯል። እዚያ ቀልድ ከተወረወረ በኋላ ለሳቁ ቦታ ይተዋል፤ ሁለት ሰከንድ ያህል። ጌታው ፊልም ሲጀምር ይህን አመሉን ይዞት መጣ። «ሐኪም ጥሩ» ይላል፤ ይጠብቃል። «ልጄ ሞተች» ይላል፤ ቅንድቡን ከፍ አድርጎ ይጠብቃል። ማን እንዲስቅለት እንደሆነ እንጃ! ዓይኔ እስኪቀላ ኮምፒውተር ላይ ተደፍቼ እያንዳንዷን ሁለት ሰከንድ ስቆርጥ ከረምኩ። በሦስተኛው ፊልም ሰለቸኝና ተውኩለት። ሃያሲዎቹ «ጥልቅ ተዋናይ» አሉት። እሱም አመነ። ከዚያ ወዲህ ሲራመድ እንኳ ቀስ ብሎ ነው። ስለ ቀልድ ሲጠየቅ «እሱ የልጅነት ነገር ነው» እያለ እጁን ያወናጭፋል።

የልጅነት ነገር ይበለው እንጂ ፍዳውን የምታየው እናታችን ናት። ስሙን ያስጠራው ቀልድ የስኳሩ ነው፦ እናቴ የስኳር ጣሳውን በቁልፍ ትዘጋለች፣ ቁልፉን አንገቷ ላይ አስራ ትተኛለች፣ እንግዳ ሲመጣ ጣሳውን ከሩቅ ታሳያለች። አገር ምድሩ ሳቀ። እናቴ የሰው ልብስ እየሰፋች ሁለታችንን ያሳደገች ሴት ናት። የሚቆለፍ ስኳር መቼ ኖሮን ያውቃል? የነበረችውንም ተደብቆ የሚልሳት እሱ ራሱ ነበር። ዛሬ ሱቅ ስትገባ ባለሱቁ «እማማ፣ ቁልፍም ልጨምርልዎት?» ይላታል። በሰባ ዓመቷ ስኳር ለመግዛት ሁለት ሰፈር አቋርጣ ትሄዳለች።

የአዲሱ ፊልም ምረቃ ሲደርስ እናቴ ቤቱ ድረስ ሄደች። እኔም አብሬያት ነበርኩ።

«አንድ ነገር አድርግልኝ» አለችው። «ሰው በተሰበሰበበት፣ ውሸት ነው በልልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

«ሙች እማዬ! እናገራለሁ» አላት። እንባም አቀረረ። የካሜራ ይሁን የእውነት፣ እኔ መለየት ካቃተኝ ቆይቷል።

የምረቃው ቀን ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። እናቴ ራሷ የሰፋችውን ቀሚስ ለብሳ ከፊት ተቀመጠች። ፊልሙ አልቆ ማይክ ሲሰጡት እጄን ጥብቅ አድርጋ ያዘችኝ።

«እናቴ እዚህ አለች» አለ። «ዛሬ አንድ እውነት ልናገር። እናቴ ስኳር ቆልፋ አታውቅም።»

እዚህ ላይ መቀጠል ነበረበት። «ከራሴ ፈጥሬ ነው፣ ይቅርታ» ቢል አለቀ። ግን አመሉ ያዘው። ቅንድቡ ከፍ አለ። አንድ ሰከንድ፣ ሁለት። ከኋላ አንዱ ፈነዳ፤ ተከትሎ አዳራሹ በሙሉ በሳቅ አበደ።

ፊቱን አየሁት። ስንት ፊልም ሙሉ ሲጠብቀው የኖረው ሳቅ መጣለት። ስኳር ሲልስ የማውቀው ፊቱ ነበር።

«ቁልፉ ጠፍቶባት ነው!» አለ።

ሰው ከወንበሩ ሊወድቅ ደረሰ። ወርዶ እናቴን አቀፋት፤ ካሜራዎቹ ብልጭ ብልጭ አሉ። እሷ እጇን ከጎኗ አላነሳችም። ወንድሜን እንደዚያን ቀን ጠልቼው አላውቅም።

መኪና ውስጥ እናቴ ወደ እኔ ዞረች።

«ልጄ፣ ያቺን ዝም የሚልባትን እኮ ትቆርጪያት ነበር።»

«ፊልም ላይ ነው እማ። መድረክ ላይ አይቆረጥም።»

«እሱስ ገባኝ» አለች። «ፊልሙ ላይ ለምን ተውሽለት?»

ስኳር አልቆባት ስለነበር፣ የሰፈራችንን ሱቅ አልፌ ሁለት ሰፈር ነዳሁ።