ማሽኑን ያቆመው ማን ነው?

ቂሊንጦ ባለው የብስኩት ፋብሪካችን የማሸጊያ ማሽኑ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሦስት ጊዜ ቆመ። ሦስቱንም ጊዜ ማሽኑ ላይ የነበረችው ዳሲቱ ናት። ሥራ አስኪያጁ አቶ ሳህሌ “ነካክታው ነው” ብለው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ አስጻፉባት። እሷ “ኧረ አልነካሁም!” ከማለት በቀር የምታሳየው ማስረጃ አልነበራትም።

ደብዳቤው ሳይፈረም የኮምፒውተር ባለሙያችን ኢንቲሳር የአንድ ቀን ጊዜ ጠየቀች። ማሽኑ የሠራውን ሁሉ ከነሰዓቱ የሚመዘግብበት ሎግ የሚባል ፋይል አለው። እሷም ከዚያ ውስጥ የፈለገችውን ቃል የሚለቅምላት ስክሪፕት የሚባል አጭር የኮምፒውተር ፕሮግራም ቀደም ብላ ጽፋ ነበር። ስክሪፕቱ ግን የሚያነበው ያንን አንድ ፋይል ብቻ ነው፤ ፋይሉ ደግሞ ማሽኑ መቆሙን እንጂ ለምን እንደቆመ አይናገርም።

“ሌሎቹም መሣሪያዎች ይመዘግባሉ እኮ፤ የሚያያቸው ሰው ነው የጠፋው” አለችኝ።

እኔ የፋብሪካው ኤሌክትሪሺያን ነኝ፤ መብራት ሲቋረጥ ማሽኑን በባትሪ የሚያቆየውን ዩፒኤስ የምከታተለውም እኔው ነኝ። አጠገቧ ቆሜ አየኋት። የማሽኑን፣ የሰርቨሩን፣ የኔትወርኩንና የዩፒኤሱን ሎግ አንድ ላይ እንዲፈትሽ፣ ያገኘውንም በሰዓት ቅደም ተከተል እንዲደረድር ስክሪፕቱን አሰፋችው። ሁለቴ ተበላሸባት፤ ሁለቴም ሳትበሳጭ ከላይ ጀምራ አነበበችው።

በመጨረሻ ሠራ፤ ነገሩ ግን አልገጠመም። ለመጨረሻ ጊዜ ማሽኑ የቆመው 10:12 ላይ ነው። የዩፒኤሱ ባትሪ መድከሙን የሚናገረው መስመር ግን 4:12 ይላል። ሁለቱን ቁጥሮች ደግማ አየችና ወደ እኔ ዞረች።

“ጋሽ ሙህሲን፣ የዩፒኤሱን ሰዓት የሞሉት እርስዎ ነዎት?”

“አዎ፣ ምነው?”

“በኛ አቆጣጠር ሞልተውታላ! ሌሎቹ በፈረንጅ ናቸው” ብላ ሳቀች።

ስድስት ሰዓት ጨመረችበት። መስመሮቹ ተጠጋጉ። በሦስቱም ቀን መብራት ለአንድ ሴኮንድ ጠፍቶ ተመልሷል፤ ባትሪው ያችን ሴኮንድ መያዝ አቅቶት ማሽኑ ቆሟል።

ባትሪውን መቀየር የነበረብኝ እኔ ነኝ። ፊቴ ጋለ። ኢንቲሳር ያገኘችውን በወረቀት አተመችው፤ ለአለቃው ግን አልወሰደችውም፤ እጄ ላይ አስቀመጠችው።

“እርስዎ ቢነግሯቸው ይሻላል” አለች።

ነገርኳቸው። አቶ ሳህሌ እኔን ተቆጡ፣ ደብዳቤውን ቀደዱ፣ ወርደውም ዳሲቱን ይቅርታ ጠየቋት። በሃያ ሁለት ዓመት ሥራዬ ብዙ ጎበዝ አይቻለሁ፤ ጥፋቴን አግኝታ ክብሬን የጠበቀችልኝ ግን ያቺ ልጅ ናት።

ዳሲቱ ከሥራ ስትወጣ ወደ ኢንቲሳር ክፍል ገባች።

“እስቲ የኔ ስም የቱ ጋ እንዳለ አሳዪኝ።”

“የለም። በአራቱም ውስጥ የለም።”

ዳሲቱ ወንበር ስባ ተቀመጠችና መስመሮቹን አንድ በአንድ አየቻቸው።