የማይዋሱት ሮለር

እኔ አትጠገብ ንዴቴ ቅርብ ነው። ይህን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ እኔም አልክድም። ይቅርታ መጠየቅ ደግሞ ለእኔ ሩቅ አገር ነው፤ አርባ ሁለት ዓመት ስኖር ከአፌ የወጣው ይቅርታ በአንድ እጅ ጣት ይቆጠራል። ዘንድሮ ግን ሃያ ሴት በተቀመጠበት ቆሜ ጠየቅሁ፤ ያውም በሶማሊኛ። ለዚህ ያበቃኝ የፊቴ ጠባሳ ነው።

ጠባሳው የብጉር ነው። አሥረኛ ክፍል ሳለሁ ብጉሬን በጥፍሬ ስጨምቅ እናቴ "ተዪ ልጄ፣ ፊትሽን ወንፊት ታደርጊዋለሽ" ትለኝ ነበር። እኔ እቴ፣ መች ሰማሁ። ብጉሩ ሄደ፣ ወንፊቱ ቀረ። ከዚያ ወዲህ በፓውደር ስለስነው ኖርኩ። ጅግጅጋ ላይ ደግሞ ነፋሱ ከካራማራ በኩል ሲነሳ ፓውደር አይበረክትም፤ ቢሮ ስደርስ ግማሹን መንገድ ላይ በትኜው ነው የምገባው። አብሮኝ መዝገብ ቤት የሚሠራ የጌታሁን የሚባል ባልደረባዬ ቀና ብሎ ያየኝና "አትጠገብ፣ ዛሬም ሊሾው ተሰነጠቀ" ይለኛል። እኔም የእሱን ራሰ በራ አነሳለታለሁ። እንዲህ ተባብለን ሻያችንን እንጠጣለን።

ባለፈው ዓመት ዐምራን የምትባል ነርስ መላ አመጣችልኝ። ዐምራን የምትሠራው አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ ከቆዳ ሐኪም ጋር ነው።

"የቀለም ቀቢ ሮለር ታውቂያለሽ?" አለችኝ። "እሱን አሳንሺና በላዩ ላይ በዓይን የማይታዩ መርፌዎች ትከዪበት። ፊት ላይ ሲንከባለል ቆዳውን ጠቅ ጠቅ ያደርገዋል። ቆዳው ተጎዳሁ ብሎ ራሱን ሲጠግን ጉድጓዱም ቀስ እያለ ይሞላል።"

"በገዛ እጄ ፊቴን በመርፌ ልወጋ?"

"በጥፍርሽ ስትወጊው ማን ከለከለሽ?"

ይቺ ልጅ ምላሷ ምላጭ ነው። ከዚያ ሕጉን ዘረዘረችልኝ። ፊት በደንብ ይታጠባል። ሮለሩ ከሥራ በፊትም ከሥራ በኋላም አልኮል ውስጥ ይነከራል። በወር አንዴ ይበቃል። ያልዳነ ብጉር ካለ በፍጹም አይሞከርም። ከዚያ በኋላ ለጥቂት ቀን ፀሐይ አይመታውም፣ ቃሲልም አይቀባም። ቃሲል የከተማችን ሴቶች ፊታቸው ላይ የሚለቀልቁት አረንጓዴ የቅጠል ዱቄት ነው፤ ለሌላ ጊዜ መድኃኒት ነው፣ ለተወጋ ፊት ግን እሳት ነው አለችኝ።

"ዋናው ደግሞ" አለች ጣቷን ቀስራ፣ "አንድ ሮለር ለአንድ ፊት ብቻ ነው። ደም ይነካዋል። ለእናትሽም ቢሆን አታውሺ።"

"እናቴ ሞታለች።"

"ነፍሷን ይማር። ለማንም አታውሺ።"

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። እኔና ዴቃ አንድ ግቢ ውስጥ በር ለበር ስንኖር አሥራ ዘጠኝ ዓመታችን ነው፤ በእነዚህ ዓመታት አንዳችን ለአንዳችን "አውሺኝ" ተባብለን አናውቅም። ዴቃ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ትሸጣለች። መሰላል ስትፈልግ ቤቴ ገብታ ትወስዳለች፤ እኔ ካውያ ስፈልግ ቤቷ ገብቼ እወስዳለሁ። ቁልፉ የት እንደሚቀመጥ ሁለታችንም እናውቃለን። አንድ ቀን በቢሮዬ መስኮት አሻግሬ ሳይ አዲሱ ጫማዬ በዴቃ እግር ወደ ገበያ ሲሄድ አይቻለሁ። በሁዳዴ ሥጋ የሌለው ሳምቡሳ ትጠብስልኛለች፤ በረመዳን እኔ ተምር ይዤ እገባለሁ። ልጇ ሳጋል ፊደል የቆጠረችው እኔ አልጋ ላይ ተቀምጣ ነው። "ኤዶ" ትለኛለች፣ አክስቴ ማለቷ ነው። እኔ ልጅ አልወለድኩም። ሳጋል ስላለች እንደሌሎቹ መካኖች አልተብከነከንኩም።

ሮለሩን ገዝቼ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ቀን እንባዬ በጉንጬ ወረደ፣ ፊቴ ቲማቲም መሰለ። በማግስቱ የጌታሁን "ማነው በጥፊ ያጠናገረሽ? ስሙን ብቻ ንገሪኝ" አለኝ። ሁለተኛው ወር አለፈ። ሦስተኛውን ስጨርስ፣ ውሸት ምን ያደርጋል፣ ጉድጓዶቹ አልጠፉም፤ ግን ሞላ ሞላ አሉ። ያለ ፓውደር ሻይ ቤት መግባት ጀመርኩ።

ዴቃ ዓይኗ የነጋዴ ዓይን ነው፤ ወዲያው ያዘችኝ። "አባዮ፣ እህቴ፣ ምን ቀብተሽ ነው?" አለችኝ። ሮለሩን አውጥቼ አሳየኋት፣ እንዴት እንደሚደረግም ነገርኳት። እንደሚያምም ነገርኳት። እንደማይዋሱት ግን አልነገርኳትም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት "እንዳትነኪ" ብያት ስለማላውቅ ቃሉ ከአፌ አልወጣ አለ። ጥፋቱ የሚጀምረው ከእኔ ነው።

በዚያ ሰሞን የሳጋል የሠርግ ቀን ተቆርጦ ነበር። ሳጋል ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ጉንጯ ላይ የብጉር ጠባሳ አለ፣ ከጠባሳው መሃል ደግሞ አዳዲስ ብጉር ይወጣል። ለሠርጌ ፊቴ ካልጠራ ፎቶ አልነሳም እያለች ቤቱን ስታምስ ከረመች። ይህን ሁሉ እሰማ ነበር። ዴቃ ምን እንደምታስብ መገመት ነበረብኝ።

አንድ ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ ግቢው በሴት ተሞልቷል። ከቀብሪበያ የዴቃ ታላቅ እህት ሱዕዲ፣ ሌሎቹም ዘመዶቿ ለሠርጉ ሊመካከሩ መጥተው ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። ዴቃ ፊቷን በቃሲል ለቅልቃ መሃላቸው አለች። ይሄ በእኛ ከተማ ብርቅ አይደለም። መስኮቱ ደፍ ላይ ግን ሮለሬን አየሁት። በመርፌዎቹ መሃል አረንጓዴው ተሰግስጎበታል።

ደሜ ፈላ። ማድረግ የነበረብኝ ዴቃን ወደ ቤት ጠርቶ፣ በር ዘግቶ፣ በሹክሹክታ መንገር ነበር። ያደረግሁት ግን ሌላ ነው። "ዴቃ፣ ይሄ ደም የነካ ነገር ነው፣ በሽታ ይተላለፍበታል፣ ማን ንኪ አለሽ?" ብዬ ጮህኩ። ሮለሩን እንደሞተ አይጥ በሁለት ጣቴ አንጠልጥዬ ወሰድኩና ቆሻሻ ባልዲ ውስጥ ወረወርኩት።

ዴቃ ለአንድ ቃል አሥር የምትመልስ ሴት ናት፤ የዚያን ቀን ግን ተነሥታ ፊቷን ልትታጠብ ገባች። አማርኛ የማትሰማው ሱዕዲ "ምን ሆነች?" ብላ በሶማሊኛ ጠየቀች። ከጎኗ ያለችው "ዴቃ ስለነካችው ጣለችው" አለቻት። ሶማሊኛ አፌ ባይፈታልኝም ጆሮዬ ይሰማል። ሴትየዋ ያየችውን ነው የተናገረችው፤ ምን ብዬ ላርማት?

እሑድ ጠዋት በሬን ስከፍት ዕቃዬ ደጄ ላይ ተደርድሯል። መሰላሉ፣ ሁለት ባልዲ፣ የአባቴ ጃንጥላ፣ ጠፋ ብዬ ያለቀስኩበት መቀስ፣ እኔ ራሴ የረሳሁት የጥርስ ሳሙና ሳይቀር ተመልሷል። እኔም እልኸኛ ነኝ። ካውያዋን፣ ትሪዎቿን፣ ትልቁን ድስት ሦስት ጊዜ ተመላልሼ ደጇ ላይ ቆለልኩ። ስጨርስ ቤቴ ባዶ ሆነ። ለካ የምኖረው በዴቃ ዕቃ ነው። የሳጋልን የልጅነት ብርድ ልብስ ብቻ ለመመለስ አንጀቴ አልቆረጠም፤ አጥፌ ትራሴ ሥር አደረግሁት።

ሰኞ ያልተተኮሰ ሸሚዝ ለብሼ ቢሮ ገባሁ። የጌታሁን አየኝና "ፊቱ ተተኩሶ ልብሱ ተረሳ?" አለኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር። የዚያን ቀን መዝገብ ሳገላብጥ እንባዬ መጣ፤ ምስኪኑ ደንግጦ ሻይ ሊያመጣልኝ ሮጠ።

ዐምራን ጋ የሄድኩት ልክ ነሽ እንድትለኝ ነው። እሷም አለችኝ። "ሮለሩን መጣልሽ ልክ ነው። እኔም እጥለው ነበር።" ደስ ብሎኝ ልነሳ ስል "ግን በእንግዳ ፊት ነው የጣልሽው?" ብላ ጠየቀችኝ።

ሠርጉ ሊደርስ ስምንት ቀን ሲቀረው ሳጋል በሬን አንኳኳች። ሳጋል በሬን አንኳኩታ አታውቅም። እጇ ላይ ፖስታ አለ። ስከፍተው የሠርግ ካርድ ነው፣ በወርቅማ ቀለም የታተመ። "ክብርት ወይዘሮ አትጠገብ፣ ከነቤተሰብዎ እንዲገኙልን በአክብሮት ጠርተንዎታል" ይላል።

በካርድ ተጠራሁ። በእኛ አገር ካርድ ለአለቃ ነው፣ ለባንክ ሠራተኛ ነው፣ ለሩቅ ሰው ነው። አንድ ግቢ ያለ ሰው በካርድ አይጠራም፤ ሽንኩርት እንዲልጥ ነው የሚጠራው። እኔ ደግሞ ያን ቀን የሙሽራዋን ሻንጣ እንደማዘጋጅ፣ ስትወጣም ከእናቷ ጎን እንደምቆም ለዓመታት ሳስብ ኖሬያለሁ። እንግዲህ እንደ እንግዳ ወንበር ላይ ተቀምጬ ምግብ ይቀርብልኛል ማለት ነው።

"ኤዶ" አለች ሳጋል ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ፣ "እማ ሮለሩን እኔን አላስነካችኝም። ልጄን እንዳያማት መጀመሪያ በራሴ ልሞክረው ብላ ነው። ሁለት ቀን ፊቷ አብጦ ነበር።"

ሳጋል ስትሄድ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ። ያንን ሁሉ መርፌ በፊቷ ላይ ያንከባለለችው ለልጇ ብላ ነው። እኔ ግን ልጅቷን ልጄ ናት እያልኩ እናቷን አዋረድኳት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ፤ የወጣው ወጥቷል። በሰው ፊት የተሰደበ ሰው ደግሞ ጓዳ ውስጥ ተጠርቶ ይቅርታ አይባልም። በሰው ፊት ነው።

ሠርጉ አራት ቀን ሲቀረው ከሰዓት በኋላ ሴቶቹ ለሳጋል ሂና ሊያደርጉ ተሰበሰቡ። ያው ሱዕዲ፣ ያው ዘመዶች፣ ያው ምንጣፍ። ሁለት ትንንሽ ካርቶን ይዤ መሃላቸው ገባሁ። ዴቃ ሂና እየበጠበጠች ነበር፤ ቀና አላለችም።

"ዴቃ፣ ራሊ ኢጋ ኖቆ" አልኩ። ይቅር በይኝ ማለት ነው። ሦስት ቀን መስታወት ፊት ተለማምጄው ነበር፤ ያም ሆኖ አጠራሬ ሁለት ሴቶችን አሳቃቸው። የቀረውን በአማርኛ ቀጠልኩ። "ሮለሩ ላይ የነበረው የእኔ ደም ነው። በሽታ ቢኖር የሚሄደው ከእኔ ወደ አንቺ ነበር። የጮህኩት አንቺን ተጸይፌ አይደለም። ሮለር እንደማይዋሱት ቀድሜ ልነግርሽ ሲገባኝ አልነገርኩሽም። ጓዳ ጠርቼ ልነግርሽ ሲገባኝ በእህትሽ ፊት አዋረድኩሽ። አጥፍቻለሁ።"

ሳጋል ለሱዕዲ ተረጎመችላት። ዴቃ መበጥበጫውን አስቀመጠች።

"ድገሚው" አለችኝ።

"ምን?"

"ጮክ ብለሽ ድገሚው። ጥግ ያሉት አልሰሙም።"

ስድብ ቢሆን ኖሮ ሰፈሩ ሁሉ በሰማ ነበር ብላ ሳታስብ አልቀረችም። ደገምኩት፤ ራሊ ኢጋ ኖቆውን ጨምሮ። አሁን ሁሉም ሳቁ፣ ሱዕዲም ሳቀች። ዴቃ ከንፈሯን ነክሳ ለመኮሳተር ታገለች፤ አልቻለችም።

አዲስ ሮለር ያለባቸውን ካርቶኖች ሰጠኋት። በአንዱ ላይ "ዴቃ"፣ በሌላው ላይ "ሳጋል" ብዬ ጽፌባቸዋለሁ። "የሳጋል ከሠርጉ በኋላ ነው፣ ብጉሯ ሲድን። ዐምራን ራሷ ታስጀምራታለች" አልኳት። ሙሽራዋ አኮረፈች፤ ሱዕዲ ግን ሂና በነካ እጇ አገጯን ይዛ በሶማሊኛ "ባልሽ ሊያገባሽ የመጣው ይህን ፊት አይቶ ነው" አለቻትና ዝም አሰኘቻት።

"የአንቺስ ሮለር?" አለች ዴቃ።

"አዲስ ገዝቻለሁ፤ ቁም ሳጥኔ ላይ ነው። እሱን እንዳትነኪ።"

"አልነካም። ሌላውን ግን እነካለሁ።"

"ንኪ።"

ከዚያ እጇን ዘረጋች። "የላክሁልሽን ካርድ ይዘሻል?"

ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ አውጥቼ ሰጠኋት። ገልበጥ አድርጋ አየችውና ለእኔው መለሰችልኝ።

"ካርድ አልቆብኛል" አለች። "ቱሊ ጉሌድ ከተማ የምትኖረውን ባቱሎን ደግሞ ረስተናታል፤ በካርድ ካልተጠራች የማትመጣ ሰው ናት። አንቺ የእጅ ጽሑፍሽ ያምራል። ስምሽን አጥፊና የእሷን ጻፊበት።"

የመዝገብ ቤት ሰው ነኝና ፍሉድ ከቦርሳዬ አይጠፋም። ምንጣፉ ላይ ተቀምጬ "ወይዘሮ አትጠገብ" የሚለውን ነጭ ቀባሁት፤ እስኪደርቅ እፍ አልኩበት፤ በላዩም የባቱሎን ስም አሳምሬ ጻፍኩ። ጎረቤቱ፣ ነጋዴው፣ አለቃው፣ ዐምራን ሳትቀር ካርድ ደርሷቸዋል። ካርድ ያልነበረኝ እኔ ብቻ ነበርኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።