የሸተተው ጭቃ

አቶ ተገኝ ፍራንክፈርት ውስጥ አርባ ዓመት ሙሉ አንዲት ውሸት ይዘው ኖረዋል። የተወለድኩት በድንጋይ ቤት ነው ይላሉ፤ ያውም ሰገነት ባለው። መጀመሪያ ፌኸንሃይም በሚባለው ሰፈር ፋብሪካ ውስጥ አብረዋቸው ለሚሠሩት ጀርመኖች ነበር ያወሯት። ከዚያ ውሸቲቱ ልጆቻቸው ዘንድ ደረሰች፤ አሁን ደግሞ የአሥራ አንድ ዓመቷ የልጅ ልጃቸው ፀሎት ለጓደኞቿ ትተርካታለች።

እሑድ ዕለት ፀሎት "ሬፈራት አለብኝ፤ ክፍል ውስጥ ስለ ድሮ ቤት ላቀርብ ነው" ብላ ከከተማው ዳር ወዳለ ሙዚየም ይዛቸው ሄደች። ሙዚየሙ የድሮ ገበሬ ቤት ነው፤ ማገሩ እንጨት፣ ግድግዳው ጭቃና ጭድ። አቶ ተገኝ ደጁ ላይ ቆመው ቀሩ። ሰው ተሰልፎ፣ ቲኬት ቆርጦ ጭቃ ቤት ሊያይ! ያውም እሳቸው ዕድሜ ልካቸውን ያፈሩበትን!

ውስጥ ሲገቡ አንዲት የጥገና ሠራተኛ የተቦደሰ ግድግዳ ትመርጋለች። የለጠፈችው ሁሉ ዱብ ዱብ ይላል። ጥግ ላይ ካለው ባልዲ ደግሞ ሽታ ይወጣል።

"ኤስ ሽቲንክት!" አለች ፀሎት በጀርመንኛ፣ ሽታው አስጠልቷት አፍንጫዋን ይዛ።

ሠራተኛዋ ይቅርታ ጠየቀች። ከወር በፊት ተቦክቶ የተረሳ ጭቃ ነው፤ ዛሬ ይደፋል።

"እንዳትደፊው!" አሉ አቶ ተገኝ ሳያስቡት በአማርኛ። ወዲያው ወደ ጀርመንኛው ዞሩ። "ጭቃ ማለት እኮ ይኼ ነው! ያንቺው ዛሬ የተቦካ ነው። ከጭዱ ጋር ከርሞ ካልሸተተ ምኑን ይይዛል?"

ኮታቸውን ለፀሎት አስያዙ፤ እጅጌያቸውን ሰብስበው ከባልዲው ዘገኑና ግድግዳው ላይ በጥፊ መረጉት። በመዳፋቸው አለሰለሱት። ንቅንቅ አላለም። ጎብኚው አጨበጨበ።

"ማን ነው ያስተማረዎት?" አለች ሠራተኛዋ ተደንቃ።

ፀሎት ዓይኗን ተክላባቸዋለች። የሆነ ቦታ አይቼ ነው ብሎ ማለፍ ቀላል ነበር። ግን ጭቃውን ሲክዱ ቤታቸውን የመረገችውንም አብረው ክደው ኖረዋል። ይህ አሁን ገና ገባቸው።

"እናቴ" አሉ። "የወርቅውሃ ትባላለች። ቤታችንን በሁለት እጇ የመረገችው እሷ ናት፤ እኔ ጭቃ ረጋጯ ነበርኩ።" ወደ ልጅቷ ዞሩ። "የድንጋይ ቤት የሚባል የለም፣ ፀሎትዬ። ዋሽቻችኋለሁ።"

ፀሎት ግድግዳውን አየች፤ ጭቃ የለበሰውን እጃቸውንም አየች። ትቆጣለች ብለው ሲጠብቁ ደብተሯን ከቦርሳዋ አወጣች።

"የእናንተ ቤት ልክ እንደዚህ ነበር?"

አቶ ተገኝ ቤቱን ከጣሪያ እስከ ወለል ገረመሙት።

"ኧረ ምን አገናኝቶት! የእናቴ ግድግዳ ስንጥቅ አያውቅም። ጻፊው።"